የሥልጠናው ሰዓት የማን ነው?

ሐሙስ ጠዋት የመረጃ ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥልኛል። እኔ ከበስተጀርባ ካለችው ጠባብ ክፍል ገብቼ፣ በር ዘግቼ፣ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ለሁለት ሰዓት እማራለሁ። በሳምንቱ የሥራ መርሐ ግብር ላይ ከስሜ ትይዩ «ሥልጠና» ተብሎ ተጽፏል፤ ደመወዜም እንደ ሌላው ሰዓት ሁሉ ይታሰባል። ባሕር ማዶ መጥቼ በቤተ መጻሕፍት ሥራ ከተቀጠርኩ ወዲህ ከሕንፃውም ከመጻሕፍቱ ብዛትም ይልቅ ያስገረመችኝ ይህች አንዲት ቃል ናት።

አገር ቤት ሳለሁ የካታሎግ፣ ማለትም የቤተ መጻሕፍቱ የመጻሕፍት መዝገብ፣ ካርድ አሞላል ያስተማሩኝ አለቃዬ ነበሩ፤ ዛሬም ጋሼ ነው የምላቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። በቅርቡ ያንኑ እኔ የምከታተለውን ነጻ የኦንላይን ሥልጠና ተመዝግበው አገኘኋቸው። የሚማሩት ማታ ቤታቸው ሆነው በልጃቸው ስልክ ነው። ምስሉ ዳታ ስለሚበላ ድምፁን ብቻ ያዳምጣሉ፤ ሰሌዳ ላይ የሚታየውን እኔ ፎቶ እያነሣሁ በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ። መሥሪያ ቤታቸው ኢንተርኔት እንዳለው ስለማውቅ ለምን እዚያ እንደማይከታተሉ ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ በሥራ ሰዓት ቪዲዮ ሲያይ የተገኘ ሰው ሥራ ፈት ነው የሚባለው» አሉኝ።

እዚህም ቢሆን ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ሻርሎት ከተማ ያለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለሠራተኞቹ 23 ትንንሽ የኢንተርኔት ተግባራት አዘጋጀ፤ ብሎግ መክፈት፣ ፎቶ መጫንና የመሳሰሉት። ለጨረሰ ሰው የሙዚቃ ማጫወቻ ይሸለም ነበር። በየአገሩ ያሉ ቤተ መጻሕፍት ቀድተውታል። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሽልማቱን ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ መነካካቱ፣ መሳሳቱ፣ እንደገና መሞከሩ ራሱ እንደ ሥራ መቆጠሩ ነው።

እርግጥ ሰዓት ሲሰጠው የሚያባክንም ሞልቷል። አንዲት ባልደረባዬ የግዴታ ሥልጠናውን ድምፁን አጥፍታ ታስኬደውና ሹራቧን ትሠራለች። የምስክር ወረቀቷ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ጋሼ ይህን ቢያዩ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ አልነገርኳቸውም።

ያለፈው ወር ትምህርት ኦፕንሪፋይን ስለሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ነበር። የተዝረከረከ የካታሎግ መረጃ ያጸዳል፤ በተለያየ መንገድ የተጻፈን አንድ ስም ለይቶ «እነዚህ አንድ ናቸው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። በላቲን ፊደል የተጻፈ ከሆነ በፊደሉ ላይ ያለችውን ምልክት ትቶ ያዛምደዋል። ጋሼ ግን ከድሮ ካርዶች የገለበጡትን የራሳቸውን ፋይል ይዘው መጡ። የሶፍትዌሩን የመጀመሪያ የማዛመጃ ዘዴ ሞከርን፤ ‹ሀ› ከ‹ሐ›፣ ‹ሠ› ከ‹ሰ› ጋር አንድ ድምፅ መሆናቸውን አላወቀም። ለእሱ የማይገናኙ ፊደላት ናቸው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ብቻ እንውሰድ፦ መነሻው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ፤ ቀጥሎ ሥ ወይም ስ፤ መጨረሻው ሴ ወይም ሤ፤ ተነጣጥሎ ወይም ተጋጥሞ። ስናባዛው 48 አጻጻፍ ወጣ። አሠልጣኙን ስንጠይቀው «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፈ።

ጋሼ በሁለተኛው ቀን ባለ አራት ማዕዘን ደብተር ወረቀት ላይ የፊደል ማዛመጃ ሠንጠረዥ በእጃቸው አስምረው ፎቶውን ላኩልኝ። ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ «በመጽሐፉ ላይ የታተመው እንዳለ ይቀመጥ፤ የሚዋሐደው መፈለጊያው ብቻ ነው» ይላል። ሌላም ማሳሰቢያ አለው፦ ርዕስ ገጹ ላይ 1965 የሚል መጽሐፍ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1972 ወይም 1973 ስለሚሆን ሁለቱም ይመዝገቡ። ሠንጠረዡን እኔ አስገባሁት፤ ሠራ። ይህን ትምህርት ከዚያ አሠልጣኝ አንሰማውም ነበር፤ የሚያውቁት ማታ ማታ በልጃቸው ስልክ የሚማሩት ሰው ናቸው።

የጸዳው ፋይል ግን እስካሁን እኔ ኮምፒውተር ላይ ነው። ጋሼ የሚሠሩበት ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀመው «ኮሃ» የሚባለውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በኒውዚላንድ የተጀመረ ነጻ የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ሲሆን ስሙ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። የሶፍትዌር ገንዘብ ስለሌለን ነው የምንለው ሰበብ እዚህ ላይ አይሠራም። ችግሩ መዝገብ ማረም የሚያስችለው የይለፍ ቃል በኮምፒውተር ክፍሉ ባለሙያ እጅ ብቻ መሆኑ ነው። ባለሙያው ካታሎግ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ሠላሳ ዓመት ካታሎግ የሠሩት ሰው ደግሞ ገብተው ማየት እንጂ መንካት አይችሉም። ሥልጠናውን ማጠናቀቃቸውን የሚጠይቅ ደብዳቤ ግን ከአስተዳደር ደርሷቸዋል።

ባለፈው ሳምንት የምስክር ወረቀታቸው መጣ። የአባታቸው ስም ቀድሞ፣ ነጠላ ሰረዝ ተደርጎ፣ የእሳቸው ስም ተከትሏል፤ የቤተሰብ ስም ያላቸው አገሮች ልማድ ነው። እኛ ደራሲን በራሱ ስም ነው የምንመዘግበው።

«ጋሼ፣ ካታሎግ ላይ ቢሆን ኖሮ ያርሙት ነበር» አልኳቸው።

«የይለፍ ቃሉን ከሰጡኝ» አሉ።