ለተቀየመ ሁሉ ፋይል ይከፈት?

አንዱ ስለ ሌላው ሃይማኖት በቲክቶክ ክፉ ቃል ሲወረውር፣ ደሴ ፒያሳ ላይ ቪዲዮውን አይቶ ሳይጨርሰው "ይታሰር!" የሚለው ብዙ ነው። ቁጣው ይገባኛል። የሰውን ቅዱስ ነገር ማንቋሸሽ ብልግና ነው፤ ጀግንነት አድርጎ የሚያቀርበውም አይጥመኝም። ግን ፖሊስ ምን አገባው?

ሕጉ ያገባዋል ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 492 የአምልኮ ሥርዓት የሚያውከውን፣ የአምልኮ ቦታና ንዋይ የሚያረክሰውን ይቀጣል። ይቅጣ። ሸዋ በር መስጊድ ወይም መድኃኔ ዓለም ገብቶ መረበሽ ሐሳብን መግለጽ አይደለም። የሚከነክነኝ አንቀጽ 816 ነው። በሃይማኖት ያፌዘን፣ የሌላውን እምነትና ስሜት ክፉኛ የሚያስቀይም ቃል የተናገረን በደንብ መተላለፍ ይቀጣል። ቅጣቱ ቀላል ነው፤ መለኪያው ግን የታለ? ኢየሱስ አምላክ ነው የሚለው ስብከት ለሙስሊሙ፣ አይደለም የሚለው ዳዕዋ ለክርስቲያኑ ከባድ ነው። መለኪያው ቅያሜ ከሆነ ሁለቱም ሰባኪዎች ጣቢያ ሊጠሩ ነው። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ 1185/2012፣ ትርጉሙ ሰፊ ቢሆንም፣ በዚህ ይሻላል፦ በሃይማኖቱ ምክንያት ጥላቻ ለሚቀሰቀስበት ሰው ይቆማል፤ የሃይማኖት ትምህርትን፣ ኪነ ጥበብንና ዜናን ደግሞ ይተዋል።

መንግሥት የእምነት ዳኛ ሲሆን ምን እንደሚከተል ወሎ ያውቀዋል። በ1870 ዓ.ም. ዓፄ ዮሐንስ እዚሁ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው የትኛው ትምህርት ትክክል እንደሆነ አስበየኑ። የወሎ ሙስሊም መሪዎችም እንዲጠመቁ ታዘዙ። ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተባሉ (የደሴውን አይጠየፍ አዳራሽ ያሠሩት እሳቸው ናቸው)፤ ሼህ ጦልሃን የመሰሉት ደግሞ አመፁ።

"ዝም ከተባለ ደም ይፈሳል" የሚሉኝ አሉ። ስጋታቸውን አላቃልልም። ነገር ግን "አቃጥሉ፣ ግደሉ" ያለ ሰው ያለ 816ም ወንጀለኛ ነው። ከዚያ በታች ላለው ስድብ አበጋሮች፣ ማለትም ጠበኛን የሚያስታርቁ የወሎ ሽማግሌዎች፣ አሉን፤ የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም ደም ሲያደርቁ ኖረዋል። እነሱም እንከን አያጡም፤ ወገን የሌለው ወጣት ሸንጎ ፊት ሳያምንበት ይቅርታ ሊል ይችላል። ቢሆንም የወንጀል ሪከርድ ይዞ አይወጣም።

ምክር ቤቱ 816ን ይሰርዘው። እስከዚያው፣ አቤቱታ የሚቀበል መርማሪ "ሰው ተዝቷበታል? አምልኮ ታውኳል?" ብሎ ይጠይቅ። መልሱ አይደለም ከሆነ ከሳሹን ወደ አበጋር ይሸኘው።