አንድ ቤት አለች

በአዲስ አበባ ጥሩ ምግብ ቤት ሁልጊዜ ሴት ናት። ይህን ያስተማረኝ የአማርኛ መምህሬ አይደለም። አንድ ሆዱን የሚወድ ጓደኛዬ ነው።

«ምሳ የት እንብላ?» ስትሉት ወዲያው አይመልስም። ግራ ቀኙን ያያል። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከዚያ «አንድ ቤት አለች» ይላል። ልብ በሉ፣ «አለ» አላለም። «አለች» ነው ያለው። «ጠበብ ያለች ናት። አምስት ዱካ ብትኖራት ነው። ግን ሽሮዋ...» ይልና ሽሮዋ ላይ ሲደርስ ቃል ያጥረዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። እጮኛውን ያስተዋወቀን ቀን እንኳ እንዲህ አልሆነም።

እኛ «ካርታው» እንለዋለን። ደመወዙ የት እንደገባ ባያውቅም፣ ከቄራ እስከ ሽሮ ሜዳ የትኛው ጓሮ ውስጥ ምን እንደሚንተከተክ ያውቃል። (ሽሮ ሜዳ ስሙ ነው እንጂ ሙያው ሽሮ አይደለም። እዚያ የሚሸጠው የሐበሻ ቀሚስ ነው። ካርታው ይህንን እስከ ዛሬ እንደ ክህደት ያየዋል።)

የጾታው ነገር እንዲህ ነው። ቤቷ ቆርቆሮ ሳለች፣ ባለቤቷ ራሳቸው ሲያማስሉ፣ ሂሳቡ በጣት ሲደመር፣ «አለች» ናት። ስሟ ወጥቶ ጣሪያዋ ጂፕሰም ሲለብስ ቀስ በቀስ ወደ ወንድነት ትሄዳለች። «ያ ቤት እኮ ተበላሸ» ይባላል። ባለ አራት ፎቅ ምግብ ቤትን «እሷ» ብሎ የጠራ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ፈረንጅ ምግብ ቤትን በኮከብ ይመዝናል። እኛ በጾታ።

ይህን ከሲልቨር ስፕሪንግ ለመጣች የአክስቴ ልጅ ለማስረዳት ፍዳዬን አየሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ያለች፣ የሐበሻ ምግብ ቤት የሞላባት ከተማ ናት። እዚያ እንጀራ አልቸገራትም። ግን «የእውነት ሽሮ» አምሯት መጣች። «አንድ ቤት አለች» አልኳት። ስልኳን አወጣች።

«ስሟ ማን ነው?»

«ስም የላትም።»

«ሪቪውዋስ?»

«የላትም።»

«በቃ ሎኬሽኑን ላክልኝ።»

«ሎኬሽኑ እኔ ነኝ» አልኳት።

እየቀለድኩ አልነበረም። እዚህ ከተማ አድራሻ ማለት ሰው ነው። የቤት ቁጥርማ አለ፣ በሩ ላይ ተለጥፏል። ግን ውስጥ የምትሠራው ልጅ እንኳ አንብባው አታውቅም። የካርታው አቅጣጫ ደግሞ እንዲህ ነው የሚሄደው፦ «ከታክሲ ስትወርድ ነዳጅ ማደያ አለ። እሱን ተወው። ጀርባውን ነው የምትፈልገው። ጎማ የሚጠግን ልጅ ታገኛለህ። ልጁ ባይኖር ጎማው አይጠፋም። በቀኝ ግባ። ውሻ ይጮህብሃል፣ አይናከስም። ሦስት ሰማያዊ በር አለ። መሃለኛውን ገፋ አድርገው።»

«ውሻው ባይጮህስ?» አልኩት።

ትንሽ አሰበበት። «እንግዲያ መንገድ ስተሃል» አለኝ።

ይህ ዘዴ ለዘመናት ሠርቷል። ጉዱ የመጣው ምልክቶቹ ራሳቸው መነሳት ሲጀምሩ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በኮሪደር ልማት ስትፈርስ ዶሮ ማነቂያም አብራ ሄደች። በ2017 መጀመሪያ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ካርታው ያን ሰሞን ልቅሶ የተቀመጠ ነበር የሚመስለው። ማታ ማታ በጣቶቹ ይቆጥራል፦ ዱለቷ፣ ጥብሷ፣ ፍርፍሯ፣ ያቺ ምላስ ሰንበሯ። ጣት ሲያልቅበት የእኔን ይጠቀማል።

አንድ ቅዳሜ ፒያሳ ይዞኝ ወጣ። «እዚህ ጋ ነበረች» አለኝ። የቆምነው ብስክሌት መንገድ ላይ ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄደ። «እዚህ ጋ ደግሞ ምድጃዋ ነበር።» አንድ ልጅ በብስክሌት ምድጃው ላይ አለፈ። ካርታው ፈጠን ብሎ ወደኋላ አለ፣ ፍም እንዳይረጨው ይመስል።

ባለቤቷን ፈልጎ ለማግኘት ሁለት ወር ፈጀበት። ከተማው ጫፍ አገኛቸው። ሦስት ታክሲ ተሳፍሮ ሄዶ ዱለት በልቶ ተመለሰ። «እንዴት ናት?» አልኩት። «ሚጥሚጣዋ ያው ነው፣ ሰፈሩ ግን አልገባበትም» አለኝ። ሰፈር ዱለት ውስጥ እንደሚገባ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ፒያሳን ካነሳሁ አይቀር ኬክ። ለእኛ ዘመን ልጆች የኬክ መለኪያው ኤንሪኮ ነበር። በጠዋት ያልደረሰ ሰው የሚያገኘው ባዶ ትሪ ነበር። አባቴ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይሄዱና ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ «አለቀ» ይሉናል፣ እኛም ኬኩን የበላነው ያህል እንኮራለን። ማለቁ ነበር ጥራቱ። ዛሬ በየሰፈሩ ያለው ኬክ ቤት ኬክ አያልቅበትም። ማክሰኞ ያየኋትን ቼሪ አናቷ ላይ የተቀመጠባትን ኬክ ዓርብ ዕለት እዚያው መስታወት ውስጥ አገኘኋት። እንደ ጎረቤት ሰላም ብያት ማኪያቶዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ቼሪዋ ግን ከማክሰኞዋ ትንሽ ከሳ ብላለች።

ወንበር ማነስም እንደዚያው ነው። ቶሞካ በፈረንጆቹ 1953 ከተከፈተ ጀምሮ ሰውን አቁሞ ቡና ያጠጣል፣ ሰውም ለመቆም ይመጣል። ሶፋ ያለው ካፌ ውስጥ ግን ሰው አንድ ሻይ ይዞ ላፕቶፑን ከፍቶ ይመሽበታል።

ዳቦ ቤት ላይ ካርታው አይረዳችሁም። ዳቦ ቤት በአፍንጫ ነው የሚገኘው። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ሽታው በመስኮት ይገባል፣ እናንተም ነጠላችሁን ወይም ጃኬታችሁን ጣል አድርጋችሁ ሽታውን ተከትላችሁ ትወጣላችሁ። ሰልፍ አለ። «ትኩሱ መቼ ይወጣል?» ትላላችሁ። «አሥር ደቂቃ» ትላለች ልጅቷ። በሕይወቴ ሌላ መልስ ሰምቼ አላውቅም። ሊጡ ገና እየተቦካም ቢሆን አሥር ደቂቃ ነው። እቶኑ ተበላሽቶ ሰው ሊጠግነው እየመጣም ቢሆን አሥር ደቂቃ ነው።

ሰልፉ ላይ የሚወራው ስለ ዳቦ መጠን ነው። በ2012 ዓ.ም. ሸገር ዳቦ ፋብሪካ ሲመረቅ በቀን 2 ሚሊዮን ዳቦ የማምረት አቅም አለው ተብሎ ነበር። እናቴ ያን ዜና ሲሰሙ በሹክሹክታ አካፈሉትና «ለእኛ ቤት ሁለት ይደርሰናል» አሉ። የሰፈራችን ፉርኖ ግን የራሷ መንገድ ነበራት። መጀመሪያ ዋጋዋን ሳትነካ ቁመቷን ቀነሰች። ቀጥላ ቁመቷን ሳትመልስ ዋጋዋን ጨመረች። ድሮ አንዱን ዳቦ ለሁለት እንቆርስ ነበር፣ አሁን ሁለቱን ለአንድ ሰው እንደርባለን። (ዳቦን «እሷ» ስል ሙገሳ እንዳይመስላችሁ። እዚህ ጋ ልኳን መናገሬ ነው።)

አሁን ወደ ዋናው በሽታ ልግባ። ቤት ከሴትነት ወደ ወንድነት የምትሻገረው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በሁዳዴ። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ ቤቱና ክትፎ ቤቱ ጭር ይላል፣ ባለቤቱም ሥራ ይፈታል። ሥራ የፈታ ባለቤት አደገኛ ነው። ግድግዳውን ማየት ይጀምራል። አንድ ቀን በሩ ላይ «ለእድሳት ዘግተናል» የሚል ወረቀት ታያላችሁ። ያን ጊዜ ተሰናበቱ። ለፋሲካ ሲከፈት ክትፎው ጥሬ፣ ለብለብና የበሰለ መባሉ ቀርቶ «ኖርማል» እና «ስፔሻል» ሆኗል። ስፔሻል ማለት ጎኑ ላይ አንዲት ቃሪያ ጥሏል ማለት ነው። እኛ ጾም ስንፈታ እሱ ዋጋ ፈታ።

የእኛዋም ቤት የሄደችው እንዲሁ ነው። ያቺ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ያለችው። መጀመሪያ የገባን ቀን እትዬ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ተቀበሉን።

«ምን አለ፣ እትዬ?»

«ሁሉም አለ፣ ልጆቼ።»

«ፍርፍር?»

«እሱ አልቋል።»

«በየዓይነቱ?»

«እሱ ለረቡዕና ለዓርብ ነው።»

«ታዲያ ምን አለ?»

«ሽሮ» አሉን፣ እንደ አዲስ ነገር።

ሽሮው በሸክላ እየፈላ መጣ። ካርታው አንድ ጉርሻ ዋጠና ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ጎማ ጠጋኙ ልጅ አጠገባችን ቁጭ ብሎ ይበላል፣ እሱም ዝም ብሏል። ስንወጣ ካርታው ክንዴን ያዘኝ። «ለማንም እንዳትናገር» አለኝ። ማልኩለት።

እውነት ለመናገር ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴ ብቻ ነው። ባለቤቴም ለእህቷ ብቻ ነው። እህቷም ለመሥሪያ ቤቷ የቴሌግራም ግሩፕ ብቻ ነው። ግሩፑ ውስጥ ያሉት ሦስት መቶ ሰዎች ለማን ለማን እንደተናገሩ የምጠየቀው እኔ አይደለሁም።

በወሩ አምስቱ ዱካ አልበቃ አለ። ሰው ሳህኑን ይዞ ጎማ ላይ ተቀምጦ መብላት ጀመረ። ከዚያ የቲክቶክ ልጅ መጣ። መብራቱን በእንጨት ሰቅሎ፣ ሽሮውን ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን ቀረጸው። «ቤተሰብ፣ ዛሬ ማንም የማያውቃትን ቤት ላሳያችሁ!» ይላል። ከኋላው አርባ ሰው ተሰልፏል። ሽሮው እስኪቀረጽ ቀዘቀዘ። ልጁ የቀዘቀዘውን ጎርሶ ዓይኑን ጨፈነ። ካርታው ጥግ ላይ ቆሞ ሲያይ «ዓይን አጨፋፈኑ እንኳ የኔ ነው» አለ።

ሁዳዴ ገባ። ሽሮ የጾም ምግብ ነው ብንልም ወረቀቱ ተለጠፈ።

ከፋሲካ በኋላ ቤቱ (ይኸው፣ እኔም «ቤቱ» አልኩ) ዋናው መንገድ ላይ ተከፈተ። ጂፕሰሙ ሦስት ደረጃ ነው፣ በየደረጃው ሐምራዊ መብራት ይበራል። ሶፋው ላስቲኩ አልተላጠም፣ ስንቀመጥ ጮኸ። አስተናጋጁ ፎቶ ያለበት ሜኑ ሰጠን። ሽሮ ስድስት ዓይነት ሆኗል። «ስፔሻሉ ምንድን ነው?» አልኩት። «ልዩ ነው» አለኝ። መጣ። የጥብስ ቅጠል ቆሞበታል፣ እንደ ባንዲራ። አይፈላም። ሙዚቃው ግን ይፈላል። ቫት 15 በመቶ፣ ሰርቪስ ቻርጅ 10 በመቶ፣ እነሱ ትኩስ ነበሩ።

እትዬን ፈለግናቸው። መስታወት ውስጥ፣ ካሸር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሽርጡ የለም። እኛን ሲያዩ ወጥተው መጡ፣ አገላብጠው ሳሙን።

«ጠፋችሁ እናንተ ልጆች። እንዴት ነው ሽሮው?»

ካርታው መዋሸት አይችልበትም። ምራቁን ዋጠ። «ጥሩ... ነው» አለ።

ነው። እትዬም ሰሙት። ወጥ ቤቱን በዓይናቸው አየት አደረጉ። አስተናጋጁ መራቁን አረጋግጠው ወደ እኛ ጎንበስ አሉ።

«እኔ ምኑን አውቄው፣ ልጄ። ሼፍ ተቀጥሮ ነው የሚሠራው። ወደ ማማሰያው አያስጠጋኝም። እኔም እንደ እናንተው ነኝ፣ ምሳዬን እዚህ አልበላም።»

«ታዲያ የት ነው የሚበሉት?» አልኳቸው።

ግራ ቀኝ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ከጋራዡ ጀርባ አንድ ቤት አለች። እኔ ጋ ሽንኩርት ትከትፍ የነበረች ልጅ ናት የከፈተቻት። ሦስት ዱካ ነው ያላት። አደራ፣ ለሰው እንዳታወሩ።»

ካርታው የሂሳቡ መልስ ሳይመጣ ተነስቶ ጃኬቱን ለበሰ። በር ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ተመለሰ።

«እትዬ፣ ውሻ አላት?»

«አላት» አሉ እትዬ። «አይናከስም።»