ሰማዩን ትንሽ አደብዝዘው

አንድ ወዳጄ የቴአትር ዲኮር ሠዓሊ ነው፤ ከተዋናዮቹ ጀርባ የሚሰቀለውን ሥዕል ይሠራል። ሰሞኑን ሥራውን ልይ ብዬ ከመጋረጃ ጀርባ ገባሁ። የቴአትር ቤቱ ስም ይቆየን። ግማሽ ቀን አብሬው ዋልኩና ተናድጄ ወጣሁ። በእሱ አይደለም የተናደድኩት።

እሱ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረ ብሩሽ ይዞ፣ ወለል ላይ በተዘረጋ አቡጀዲ ላይ የገጠር ሰማይ ይቀባል። የሚያልፈው ሁሉ ይቆማል። መቆሙ ምንም አይደል። ከቆመ በኋላ ግን እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል። በቃ፣ ምክር መጣ ማለት ነው። ሻይ ያመጣችው ልጅ "ተራራው ትንሽ ከፍ ቢል" አለች። ጥበቃው እሳቸው ባደጉበት አገር ደመና እንዲህ እንደማይሆን አስረዱ። አንዱ ተዋናይ ደግሞ "ጎጆዋ ነፍስ ይጎድላታል" ብሎ አለፈ። ነፍስ! የራሱን ሁለተኛ ገቢር ገና በቃሉ ሳይዝ የጎጆ ነፍስ ያስጨንቀዋል።

እኔ የምወደው ተረት አለ፦ "ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው።" አጥር የሚያጥር ሰው እሾሁን በየት በኩል እንደሚይዝ ያውቃል። ዳር የቆመው ነው "ወዲህ ገፋ አድርገው" የሚለው። የሚወጋው እሱ አይደለማ! ይህ ተረት በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ ባይ ነኝ። "ያለ ጉዳይ መግባት ክልክል ነው" የሚለውን አንስተው ይህን ይስቀሉልን። ያንንማ ማን ሰምቶት ያውቃል?

የምክር ነገር ከተነሳ ያልወጣልኝ ቂም አለ። መኪናዬን ወደኋላ እያስገባሁ ነው። አንድ የማላውቀው ሰው ከየት እንደመጣ ሳላየው ከኋላዬ ቆመ። "ና... ና... ና... ግድ የለህም ና... ና..." ጓ! "በቃ! በቃ!" በቃ ያለኝ የኋላ መብራቴ ከረገፈ በኋላ ነው። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? "መሪውን ቀደም ብለህ ብታጥፈው ኖሮ አሪፍ ነበር።" ይህንንም ብሎ የሻይ ጠየቀኝ። ዓመታት አልፈዋል፤ አሁንም ሌሊት ትዝ ሲለኝ ብርድ ልብሱን እገፈዋለሁ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁም። ዲኮር ከቅርብ ሊታይ አይሠራም። ወዳጄን "ሻካራ ነው" ያሉት ሁሉ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመው ነው። ሥዕሉ ግን የተሠራው አሥራ አምስተኛው ረድፍ ላይ ለተቀመጠ ተመልካች ነው። ለዚህ ነው ጥላውንም ብርሃኑንም በወፍራሙ የሚጥለው። ስስ አድርጎ ቢያሽሞነሙነው ከሩቅ ሲታይ ቀለሙ የለቀቀ ነጠላ ይመስላል። መብራትም አለ። ብርቱካናማ ብርሃን ሲያርፍበት ሰማያዊው ቀለም ይሞታል፣ ወደ አመድማ ይሄዳል። ቀይ መብራት ሥር ያ ለምለም ሣር ሊጠቁር ይችላል። ሠዓሊው ይህን ሁሉ አስልቶ ነው በጠራራ አምፖል ሥር ዓይን የሚወጋ ሰማይ የሚቀባው። ይህን ለማወቅ መጠየቅ ብቻ ይበቃ ነበር። ግማሽ ቀን ሙሉ "ለምን እንዲህ አደረግከው?" ያለው አንድ ሰው አልሰማሁም። መካሪ ብቻ!

ዝነኛው ሠዓሊ ፓብሎ ፒካሶ እንኳ ይህን ሥራ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1917 ፓሪስ ለታየ የባሌት ዳንስ ትርዒት፣ ቁመቱ ከ10፣ ስፋቱ ከ16 ሜትር የሚበልጥ መጋረጃ ከረዳቶቹ ጋር ሥሏል። ሥዕሉ ላይ ክንፍ ያላት ፈረስ አለች። እኛ ዘንድ ቢሆን "አቶ ፓብሎ፣ ፈረስ እኮ ክንፍ የለውም" የሚል የንብረት ክፍል ኃላፊ አይጠፋም ነበር።

ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ ያለውን የድንጋይ አንበሳስ? የቀረጸው ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። አጠገቡ ፎቶ የተነሳው ሕዝብ ስፍር ቁጥር የለውም። "አንበሳ እንዲህ ነው እንዴ?" የሚል ሞልቷል፤ "ማን ሠራው?" የሚል ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ፖስተሮቻችንንም እዩዋቸው። ደራሲ አለ፣ አዘጋጅ አለ፣ ስፖንሰር አለ። ስፖንሰሩማ ከላይም ከታችም አለ። ሰማዩን የቀባው የለም።

ወዴት ሄድኩ? አዎ፣ ሰማዩ። አስተባባሪው በልምምዱ ሰሞን "ሰማዩ በዛ፣ ትንሽ አደብዝዘው" ብለውት ነበር። "እሺ ጋሼ" አላቸው። አልነካውም። ቴአትሩ የተመረቀ ዕለት መብራቱ ሲያርፍበት ያ ዓይን የሚወጋ ሰማይ ረጋ ብሎ አመሸ። አስተባባሪው ከጀርባ መጥተው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት።

"አየህ፣ ስነግርህ! አደበዘዝከውና አማረልህ።"

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" አለና፣ በዚያው የቀረችውን ክፍያ አነሳባቸው።

"እሱን ሒሳብ ክፍል ጠይቅ" አሉት። "እኔ በሰው ሥራ አልገባም።"