«ራሷ ናት የፈቀደችው» አትበሉ

የደሴ ልጆች፣ እስቲ ስሙኝ።

ሰኞ ገበያ አካባቢ የምትኖር አንዲት እናት ናት። ዐረብ አገር ያለች ልጇ ስልክ ላከችላት። ሱቅ ወሰደችውና «ከልጄ ጋር የሚያገናኘኝን ጫንልኝ» አለች። የሱቁ ልጅ ጫነላት። በዚያው ከቴሌግራም ያወረደውን አንድ የፎቶ ማሳመሪያ አፕ ጨመረበት። አፑ ካሜራ ሲጠይቅ «ፍቀድ»፣ ማይክ ሲጠይቅ «ፍቀድ»፣ ኮንታክት ሲጠይቅም «ፍቀድ» እያለ ነካው። እሷን አንድም ነገር አልጠየቃትም። ብሩን ተቀብሎ ሸኛት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ታውቃላችሁ። ከልጇ ጋር አውርታ ስትጨርስ ስልኩን ረከቦቱ ላይ እንዳስደገፈችው ትተወዋለች። ሻሿን ፈትታ ጸጉሯን ስታበጥር በዚያ አፕ በኩል ተቀረጸች። የቀረጿት ሰዎች ገንዘብ ላኪ አሏት፤ ከየት አምጥታ? ቪዲዮው ወጣ። ከቤተሰቧ በቀር ጸጉሯን ያየ ወንድ የሌላት ሴት፣ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ከስልክ ስልክ ዞረች።

ያዞረው ሌላ አገር ሰው አይደለም። እኛው ነን። ባለሱቁ ሲጠየቅ «ራሷ ናት የፈቀደችው» አለ፤ ከተማውም ተቀብሎ አስተጋባ። መቼ ፈቀደች? የነካው ጣት የማን ነበር? ይህን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ዛሬ ለቡና ሲጠሯት «አሞኛል» ትላለች። ልጇ ስትደውል ካሜራውን በጣቷ ሸፍና ነው የምታነሳው። አብሽሪ ያላት ስንት ሰው ነው?

የባትሪ መብራት አፕ ማይክ ምን ይሠራለታል? ሴቲንግ ገብታችሁ የእናቶቻችሁን ስልክ እዩ፤ የማያስፈልገውን ከልክሉ፣ ለሚያስፈልገው «አፑን ስጠቀም ብቻ» የሚለውን ምረጡ። አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ የሆነ ስልክ ካሜራ ወይም ማይክ ሲከፈት ከላይ ጥግ ላይ አረንጓዴ ምልክት ያሳያል። አሳዩዋቸው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። አዋጅ ግን ከጎረቤት ስልክ ላይ ቪዲዮ አያጠፋም።

ቪዲዮው ያላችሁ ዛሬውኑ አጥፉት። ሱቅ ያላችሁም «እማማ፣ ይሄ ካሜራ ይፈልጋል፤ ልፍቀድለት ወይስ ልከልክለት?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቻችሁ እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ። ደክሞኛልም። ጥቂቶቻችሁ ትሰሙኝ ይሆናል ብዬ ነው የጻፍኩት።