ቢያንስስ?

«ዛሬ ምን ልሥራ?» ትላለች ሚስት። «ደስ ያለሽን» ይላል ባል። ለሰሚ ፍቅር ይመስላል። ጨዋታው ግን እዚህ ላይ አያበቃም።

«ሩዝ ይሁን?»
«ሩዝ ትናንት በላን አይደል እንዴ?»
«እሺ፣ ፓስታ?»
«ማታ ማታ ይከብደኛል።»
«ታዲያ ምን ይሁን?»
«ደስ ያለሽን አልኩሽ እኮ!»

ሰውየው የመምረጡን ጣጣ ለእሷ ሰጥቶ የማማረር መብቱን ለራሱ አስቀርቷል። ቦታ ተቀያይረው እሱ ምድጃው ጋ ቢቆምም ለውጥ የለም። ማማሰያ የያዘ ይጠይቃል፤ ሶፋ ላይ የተጋደመ «ደስ ያለህን» ይላል።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ የሳምንት ሜኑ የሚባል ነገር አለ። እሑድ ማታ በንጹሕ ወረቀት ይጻፋል። በቀለም ይሰመርበታል። ፍሪጁ በር ላይ ይለጠፋል። ሰኞ ዓሣ፣ ማክሰኞ ምስር፣ ረቡዕ አትክልት በኦቨን። ሰኞ ይከበራል። ማክሰኞ ሁሉም ያመሻል፣ ዳቦ በእንቁላል ተበልቶ ይታደራል። ረቡዕ ላይ ወረቀቱ ጌጥ ሆኗል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የአዘቦቱን ሜኑ የሚያወጣው ፍሪጁ ግርጌ ሊበላሽ የደረሰው ቲማቲም ነው። «ይሄ ዛሬ ካልተሠራ ይጣላል» ከሚለው በላይ ቁርጥ ያለ የምግብ ዕቅድ አይቼ አላውቅም።

የእንግዳ ቀን ግን ሌላ ነው። የእንግዳ ቀን ሜኑ የሚያወጣው ፍርሃት ነው። ሙሉ ስሙም «ቢያንስስ?» ይባላል።

ነገሩ በስልክ ይጀምራል። እንግዶቹ «በሞቴ ምንም እንዳትቸገሩ፣ ያለውን እንበላለን» ይላሉ። ይህን ያመነ ቤት እስካሁን አልተገኘም። እነሱም ቢሆኑ እንዲታመኑ ብለው አይደለም። እስቲ የምር ያለውን አቅርቡላቸው! ደረጃውን ወርደው ሳይጨርሱ «ምን ሆነው ነው? ተቸግረው ይሆን?» ይባባላሉ።

ከዚያ ሒሳቡ ይመጣል። የተጠሩት 6 ሰዎች ናቸው። አንዱ ወንድሙን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ 7። ወንድምየው ሚስት ካለችው 8። ልጆች አስከትለው ከመጡስ? 10። ደግሞ የሚደግም አይጠፋም። ስለዚህ ለ15 ሰው ይሠራ! ለአንድ አዋቂ ከ75 እስከ 100 ግራም ደረቅ ሩዝ ይበቃል። ሩዝ ሲበስል ደግሞ ክብደቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ጋባዥ ግን ደረቁን ሩዝ እያየ «ይቺ ለማን ትደርሳለች?» ብሎ አንድ ኩባያ ይጨምራል። ቀጥሎ ሌላ አንድ፣ ለማንኛውም ተብሎ።

ዓይነቱም እንዲሁ ይበዛል። ሰባተኛው ሳህን ስላልነበረ ርቦኝ ተመለስኩ ያለ እንግዳ አልሰማሁም። ቢሆንም ባለፈው እነ እንትና ቤት ስድስት ዓይነት ቀርቦ ነበር፤ እነሱ የማይበልጡን!

በድሮው የአውሮፓ ትልልቅ ግብዣ ላይ አብዛኛው ምግብ ባንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ይደረደር ነበር። እንግዳው እጁ የደረሰበትን ይበላል፣ ራቅ ያለውን በዓይኑ ያጣጥማል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሩሲያ አቀራረብ የተባለው ተስፋፋና ምግቡ ተራ በተራ፣ በትኩሱ መምጣት ጀመረ። የዛሬ ጋባዥ ሁለቱንም አዋህዷቸዋል። ሁሉንም ባንዴ ይደረድርና ራሱ ተራ በተራ እየዞረ «ይሄንንስ? ኧረ ይሄንን አልነካሽውም!» ይላል።

ከሁሉም የሚገርመኝ አዲስ ምግብ በእንግዳ ላይ የመሞከር ድፍረት ነው። ዓመቱን ሙሉ ለቤተሰቡ የለመደውን ሲሠራ የኖረ ሰው፣ እንግዳ ሊመጣ ሲል ሌሊት ስልኩ ላይ ያየው ቪዲዮ ትዝ ይለዋል። ቪዲዮው አንድ ደቂቃ አይሞላም። «ሽንኩርቱ እስኪቀላ 5 ደቂቃ አቁላሉት» ይላል። ውሸት ነው። ሽንኩርት 90 በመቶ ገደማው ውኃ ነው። ያ ውኃ ተኖ እስኪያልቅ ድረስ መጥበሻው ውስጥ ያለው ሙቀት ከ100 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። ምግብን የሚያቀላው፣ ያን የሚያስጎመጅ ሽታ የሚያመጣው ለውጥ ደግሞ የሚፈጥነው ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚ ማያር ስለዚህ ለውጥ በ1912 እ.ኤ.አ. ጽፏል። ሽንኩርት ቡናማ ሆኖ እስኪጣፍጥ በለዘብተኛ እሳት 40 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ይህን የሚናገር ቪዲዮ ግን ማን ቁጭ ብሎ ያያል? ጋባዣችን 5 ደቂቃው አልፎ ሽንኩርቱ ነጭ እንደሆነ ሲያይ እሳቱን ይጨምራል። ዳር ዳሩ ያራል፣ መሀሉ ጥሬ ይቀራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ባቄላ ከተጨመረበትማ ጉድ ነው። ከባሕር ወለል በ300 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ባሕር ዳርቻ ቆሞ የተቀረጸውን አሠራር ተራራ ላይ ያለ ሰው ሲከተለው፣ እንግዶቹ ደርሰው ባቄላው አይደርስም።

በዚህ ሁሉ ጥድፊያ መሀል ጨው ሁለት ጊዜ ይገባል። አንዴ በቤቷ እመቤት፣ አንዴ «ላግዝሽ» ብሎ በገባው ሰው። ያኔ ከየአቅጣጫው «ድንች ጣዪበት፣ ጨውን ይመጣል» ይባላል። ድንቹ የሚመጠው ጨዋማውን ውኃ እንዳለ ነው፤ ጨውን ለይቶ አያወጣም። የቀረው መረቅ ያው ጨው እንደበዛበት ነው። የሚያዋጣው ውኃ ወይም ጨው ያልገባበት ነገር ጨምሮ ማብዛት ብቻ ነው። እንዲህ ሆኖ ድስቱ እጥፍ ይሆናል። «ቢያንስስ?» የሚለው ስጋት በጨው በኩል መልስ አገኘ ማለት ነው።

እንግዶቹ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ደግሞ ምሥጢር ይወጣል። አንዷ ሥጋ ከተወች ቆይታለች። አንዱ ስኳር አቁሟል። ሌላው ዱቄት የሚባል ነገር አይነካም፤ መጨረሻ ላይ ኬክ ሲመጣ ግን «ለዛሬ ብቻ» ይላል። (በአለርጂ አይቀለድም። ኦቾሎኒ ወይም እንቁላል የሚጎዳው ሰው ካለ አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። እኔ የማወራው ከሳህን ወደ ሳህን ስለሚለዋወጥ አመጋገብ ነው።)

ሳህኑ ሲሞላ ባለቤቷ የራሷን ምግብ ማማት ትጀምራለች። «ዛሬ እንኳ አልሆነልኝም።» እንግዶቹ አፋቸው እንደሞላ በአንድ ድምፅ ይቃወማሉ። «ኧረ ምን በወጣው! ሙያሽማ...» ሥርዓቱ ይሄ ነው። አንዴ አንድ የዋህ እንግዳ «አዎ፣ ትንሽ ጨው በዝቶታል» አለ። ወንበሩ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው እየተቀመጠበት ነው። እሷ ደግሞ ያለችው የምሯን ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ ያሸተተ አፍንጫ ሽታውን ይለምደዋል። ስትቀምስ የዋለችም ሴት ለገበታው ሆድ አይኖራትም። በደረሰው ምግብ የማይደሰተው ብቸኛ ሰው የሠራው ነው።

የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ ባይቆይ ይመረጣል። ይህን ያወጣው ሰው የእንግዳ አሸኛኘት አያውቅም። «በሉ እንሂድ» ከተባለ በኋላ ሶፋው ላይ ግማሽ ሰዓት፣ በር ላይ ሌላ ግማሽ ሰዓት ወሬ አለ። ዋናው ወሬ እንዲያውም በር ላይ ነው። ድስቱ ወጥ ቤት ሆኖ ይጠብቃል። በኋላም ፍሪጅ አይገባም፤ ለ15 ሰው የተሠራ ነው። ጥልቅ ድስት መሀሉ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ዝርግ ዕቃ ላይ ከፋፍሎ ማስቀመጥ ይሻላል። ዝርግ ዕቃዎቹ ግን ባለፈው ግብዣ «ለልጆቹ» ተብሎ ምግብ ተቋጥሮባቸው ወጥተው አልተመለሱም።

ቅዳሜ ቀን «እንዳትነኩ፣ የእንግዳ ነው!» የተባሉት ልጆች እሑድ «ብሉ እንጂ!» ይባላሉ። ሰኞም ይባላሉ። ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያልና ማክሰኞም ገና ነው። ማክሰኞ ማታ ትንሹ ልጅ ሳህኑን ገፋ አድርጎ «እማዬ፣ ዛሬ እንግዳ አይመጣም?» ይላል።

«ማን እንዲመጣ ነው የፈለግከው?»

«ማንም ይሁን። ብቻ የሚበላ ይሁን።»