ውዳሴ ለዋናው ማውጫ

በአጭር ቁጥር የሚሠራውን የባንክ አገልግሎት ያዘጋጁልን ባለሙያዎች እጃቸው ይባረክ! ሰው ሲያረጅ ወደ ልጅነቱ መመለስ ይመኛል። እነርሱ ዜሮን ባስጫኑን ቁጥር ወደ መጀመሪያችን ይመልሱናል፤ ያውም ያለ ጸበል።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ለእህቴ 2,000 ብር ልልክ ተነሣሁ። 1ን ተጫንኩ፤ 2ን ተጫንኩ፤ ረጅሙን የሒሳብ ቁጥር መነጽሬን እያስተካከልኩ አንድ በአንድ አስገባሁ። የብሩን መጠን ሲጠይቀኝ ቀሪ ሒሳቤ አሳሰበኝ። ላፍታ ልየው? አይቻልም። ወይ መቀጠል ነው፣ ወይ ወደ ዋናው ማውጫ። ተመለስኩና ቀሪዬን አየሁ፤ እህቴን ግን ማሽኑ ረስቷታል። ቁጥሯን እንደገና ሀ ብዬ ጀመርኩ። ስምንተኛው አሃዝ ላይ ስደርስ «ጊዜዎ አልቋል» ብሎ አሰናበተኝ። የሞኝ ለቅሶ መላልሶ መላልሶ!

ባለሙያዎቹ ይህን አሠራር ፋይናይት ስቴት ማሽን ይሉታል። ቁጥራቸው የተወሰነ ክፍሎች፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሳልፉ በሮች፤ በቃ። ማሽኑ የቆመበትን ክፍል እንጂ በየት በኩል እንደመጣ አያውቅም። ቂም የለው፣ ውለታ የለው። እንዲያስታውስ ከተፈለገ ለእያንዳንዱ ትዝታ የራሱ ክፍል ሊሠራለት ነው፤ የአሥር «አዎ ወይስ አይደለም» ጥያቄዎችን መልስ ለመያዝ ብቻ 1,024 ክፍሎች። ይህን ሁሉ ከመሳል ደንበኛን ማመላለስ ስንት ድካም ያድናል! (የማን ድካም እንደሆነ አይጠየቅም።)

እስራኤላዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ዴቪድ ሃረል እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጽሑፍ ክፍልን በክፍል ውስጥ ማስቀመጥንና ካቋረጡበት የሚመልስ «ታሪክ» የሚባል ምልክትን አመጡ። ደግነቱ ወሬው እኛ ባንክ አልደረሰም፤ ቢደርስ ኖሮ ትዕግሥትን ከማን እንማር ነበር?

ሰኞ ጠዋት ቅርንጫፉ ሄድኩ። «የእኔ ልጅ፣ ሁለት ሺህ ብር ላኪልኝ፤ ቆይ፣ መጀመሪያ ቀሪዬ ስንት ነው? እንደዚያ ከሆነማ አንድ ሺህ አምስት መቶ ይሁን» አልኳት። «እሺ አባባ» ብላ ሁሉንም ቁጭ ባለችበት ጨረሰችልኝ። እንዴት ያለ ሥርዓት አልበኝነት ነው! ወጥቼ፣ በር ላይ በጥበቃው እንደገና ተፈትሼ እንድገባ እንኳ አላዘዘችኝም።