እርማት፦ ውጭ አገር የተወለደ መሐንዲስ በአሜሪካ መሪ አይሆንም?

ትናንት አምስት ኪሎ ማኪያቶ ስንጠጣ፣ «አሜሪካ ውስጥ መጤ መሐንዲስ ቢበዛ ያስተምራል እንጂ የመንግሥት ተቋም እንዳይመራ ሕጉ ይከለክለዋል» ላልከኝ ወንድሜ፣ ይህ ብዙዎቻችን የምንደጋግመው ስሕተት ነው። ሕገ መንግሥቱ በትውልድ ዜግነትን የሚጠይቀው ለፕሬዚዳንትነትና ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ብቻ ነው። ሕንድ ተወልደው የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በማድራስ ያገኙት መሐንዲሱ ሱብራ ሱሬሽ፣ የኤምአይቲ የምህንድስና ዲን ከነበሩ በኋላ፣ ሹመታቸው በሴኔት ጸድቆ ከ2010 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. የአገሪቱን ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን፣ ማለትም ለዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ገንዘብ የሚመድበውን የፌዴራል ተቋም፣ በዳይሬክተርነት መርተዋል። ቀጥሎም የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ይህን በጽሑፍ ያረምኩት፣ አጠገባችን የንድፍ ወረቀቷን ጠቅልላ የያዘችው ተማሪ ንግግርህን ሰምታ አንገቷን ስትደፋ ስላየሁ ነው።